ጣራ ገዳምን መለካት፦ ፕሮጀክት ተኮር ትምህርትና በእጃችን ያሉ ዲጂታል መሣሪያዎች



የዛሬው ገለጻዬ በፕሮጀክት ላይ የተመሠረተ ትምህርትን በዲጂታል መሣሪያዎች ስለ መደገፍ ነው። ርእሱን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበባችሁ ብዙዎቻችሁ ስለ ኮምፒውተር ክፍል፣ ስለ ፈጣን ኢንተርኔትና በርዳታ ስለሚገኝ ታብሌት የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ የምናገረው አንድ መምህር በኪሱ ስለያዘው ስልክ፣ ስለ ሃያ ሜትር ገመድና ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ስለሚታየው የጣራ ገዳም ደን ነው። ሦስቱም በዚህ አካባቢ ይገኛሉ፤ አንዳቸውም የልማት አጋር አይጠብቁም።

የክርክሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ላስቀምጥ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ወደ ክፍሎቻችን ያስገባናቸው መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚናገሩ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ተማሪው አድማጭ ነበር። ለፕሮጀክት የሚያስፈልገው የሚሰማ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም ተማሪው የለካውን የሚቀበል፣ ያየውን የሚያስቀምጥ፣ የተሳሳተውን መልሶ የሚያሳየው። የምንገዛውም ሆነ የምናሠለጥንበት መሣሪያ በዚህ ሚዛን ካልተመዘነ፣ ገንዘቡና ጊዜው የሚባክነው በተማሪው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። በትምህርት ቤቶቻችን «ፕሮጀክት» ሲባል ተማሪው ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ፣ አንድ ርእስ ፈልጎ፣ አሳትሞና አስጠርዞ የሚያመጣው ወረቀት ማለት ሆኗል። ይህን በፕሮጀክት ስም መጥራት አግባብ አይመስለኝም፤ የጽሕፈት አገልግሎት ንግድ ነው። ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1918 እ.ኤ.አ. «የፕሮጀክት ዘዴ» በሚል ርእስ ጽሑፉን ባወጣ ጊዜ ያጠነጠነው ተማሪው ከልቡ ተነሣሥቶ በሚሠራው ዓላማ ያለው ሥራ ላይ ነበር። ከእርሱ ወዲህ የመጡት የዘርፉ ሰዎች የጨመሩበትን ይዘን፣ አንድ ሥራ ፕሮጀክት ለመባል መልሱ በመማሪያ መጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ የማይገኝ ጥያቄ፣ ለሳምንታት የሚዘልቅ ሥራ፣ በሌሎች ፊት ቀርቦ የሚተችና የሚታረም ውጤት ሊኖረው ይገባል እንላለን።

ይህን የምለው ለዚህ አገር እንግዳ የሆነ ነገር እንደማመጣ ተቆጥሮ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ያወርዳል፣ አገባብ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ግን መምህሩ የዘረፉትን በቃሉ መያዝ ብቻ አይበቃውም። የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይናገራል፤ መምህሩ ያርሙታል፤ ያልሰመረው ይቃናል፤ ደግሞ ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እያደገ ይሄዳል። ትላንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም ማንም አይቀበለውም። በሥርዓተ ትምህርት ጥናት «ትችትና ክለሳ» የምንለው ምዕራፍ በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ውስጥ ሲሠራበት የኖረ ነው።

ነገር ግን ከቅኔ ቤቱ ግማሹን ብቻ እንዳንወስድ እጠነቀቃለሁ። ተማሪው ወደ ቅኔ ቆጠራ የሚደርሰው ንባብን ጨርሶ ነው፤ የግስና የአገባብ ስንቅ ይዞ ነው። ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙትና ብዙ ክርክር ባስነሣው ጽሑፍ፣ ጀማሪን ያለ በቂ መሪነት «ራስህ ፈልገህ አግኝ» ብሎ ማሰማራት እንደማይሠራ ሞግተዋል። እኔ በአብዛኛው እስማማለሁ። ታንጀንት ምን እንደሆነ ያልተነገረው የ9ኛ ክፍል ተማሪ የዛፍ ቁመት ለካ ተብሎ ወደ ደን ቢላክ የሚያገኘው ድካም ነው። ፕሮጀክት የመምህሩን ማብራሪያ አይተካም፤ ማብራሪያው ለምን እንዳስፈለገ ያሳያል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ልምጣ። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ወጣት መምህራን አንዳንዶቻችሁ በፕላዝማ የተማራችሁ ናችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተሠራጨ በየክፍሉ በተሰቀለ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ዝግጅቱም በደቡብ አፍሪካ ተከናውኗል። መምህሩ በመግቢያው ጥቂት ደቂቃ፣ በመጨረሻውም ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሐሉ የቴሌቪዥኑ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ቤተ ሙከራ በሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያ መስኮት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሥርጭቱ ለሁሉም በአንድ ሰዓት የሚተላለፍ ስለ ነበር፣ አልገባኝም ያለ ተማሪ «ቆይ» ቢለው አይቆይም፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል። መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አለፈ። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቀረ። የሚናገር መሣሪያ ስል ይህን ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው፤ ግን ወደ አንድ ነጥብ ያደርሰናል። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በሚለው ሥራ የታወቀው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በታሸገ ሣጥን አስቀምጦ ሄደ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በሰጠው ንግግር፣ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሣጥኑን ከፍተው ማብሪያውን እንዳገኙ፣ በአምስት ወር ውስጥም የታብሌቱን ሥርዓት ሰብረው እንደገቡበት ተናገረ። ዓለም ይህን ዜና የተቀባበለው «ልጅ ያለ መምህር ይማራል» የሚል ትርጉም ሰጥቶት ነው። እኔን የገረመኝ ሌላው ዝርዝር ነው። ልጆቹ ሰብረው የከፈቱት ነገር ምን ነበር? ካሜራውን ነው። በታብሌቱ ላይ ፊደልና ጨዋታ ተጭኖላቸው ነበር፤ ካሜራው ግን በአዘጋጆቹ ተዘግቶ ነበር። የተሰጣቸውን ከመቀበል አልፈው፣ የራሳቸውን ሊያስገቡበት የሚችሉትን በር ፈልገው አገኙ። መሣሪያው እንዲሰማቸው ፈለጉ ማለት ነው። የመምህሩ ነገር ግን ተፈትኖ አላለቀም፤ ካሜራ የያዘ ልጅ ምን ላንሣ፣ ያነሣሁትስ ምን ይነግረኛል ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።

እንግዲህ ወደ ጣራ ገዳም እንሂድ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን የደረሰ ሰው፣ በእርሻ መካከል ያንን ተራራማ ደን ሳያይ አያልፍም። ኃይለአብ ዘገየና ባልደረቦቻቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በጣራ ገዳምና በአበባዬ ደኖች 143 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግቧል። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» ልብ ወለዳቸው የምታውቋቸው ዶክተር አለማየሁ ዋሴም በሙያቸው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ናቸው፤ የዶክትሬት ሥራቸው የተመሠረተው በዚሁ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የሚሄዱበት ደን በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች የታወቀ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የሚያሳዩት መደነቅ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ከደጃቸው ያለውን ነገር ሳይንስ አድርጎ የሚያሳያቸው መጽሐፍ አልነበራቸውምና።

የፕሮጀክት ነፍሱ ጥያቄው ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ሁላችንም መልሱን የምናውቀው የሚመስለን ቢሆን ይበልጥ መልካም ነው። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑ ተመራማሪዎች ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችን እስከ 2015 ካሉ ምስሎች ጋር አነጻጽረው ነበር። ሁላችንም የምንጠብቀው ደኖቹ እያነሱ እያነሱ መጡ የሚል ውጤት ነው። ያገኙት ግን ደኖቹ በአመዛኙ ስፋታቸውን ይዘው መቆየታቸውን ነው። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው፤ ዱሮ ደኑ ቀስ በቀስ ወደ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦውም ወደ ሜዳ ይለወጥ ነበር፤ ዛሬ የደኑ ጠርዝና እርሻው በቢላ የተቆረጠ ያህል ፊት ለፊት ተገናኝተዋል፤ ባሕር ዛፍም ወደ ውስጥ ገብቷል። ከላይ ሲታይ ደኑ አለ። ከውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ግን ከሰማይ አይታይም፤ ገብቶ መቁጠር ያስፈልጋል።

ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ የዛሬዎቹ ትላልቅ ወይራዎች ሲወድቁ የሚተኳቸው ትናንሽ ወይራዎች አሉን? በደኑ ጠርዝና በመሐሉስ ልዩነት አለን? ጥያቄው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ለመመለስ ግን የሒሳብ፣ የባዮሎጂ፣ የጂኦግራፊና የአማርኛ መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። ተማሪዎች አሥር በአሥር ሜትር የሆኑ መደቦችን በገመድ ይከልላሉ፤ አምስቱን በጠርዙ፣ አምስቱን በመሐል። በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን ወይራ፣ ብሳና፣ አጋም፣ ልምጭ በሦስት መጠን ከፍለው ይቆጥራሉ፦ ችግኝ፣ ወጣት፣ ትልቅ። የትልቁን ግንድ ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በሜትር ጠቅልለው ይለካሉ፤ ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለ3.14 አካፍለው ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን ያገኛሉ። የአማርኛ ክፍሉ ደግሞ አረጋውያንን «ደኑ ዱሮ እስከ የት ይደርስ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ድምፃቸውን በፈቃዳቸው በስልክ ይቀዳል፤ ከዚያም ቃል በቃል ይገለብጣል። ከቃል ወደ ጽሑፍ መገልበጥ የሚያስተምረውን ያህል ሥርዓተ ነጥብ የሚያስተምር የክፍል ልምምድ እስካሁን አላገኘሁም።

ከሁሉም በላይ የምቆይበት የቁመት ልኬት ነው፤ ምክንያቱም ትምህርቱ የሚወለደው እዚህ ላይ ነውና። በስልክ ላይ ያለ የማዕዘን መለኪያ መተግበሪያ፣ እርሱም ከሌለ ፕሮትራክተርና ጠጠር የታሰረበት ክር ይበቃል። ተማሪዋ ከዛፉ 20 ሜትር ርቃ ቆማ ጫፉን የምታይበትን ማዕዘን ትለካለች፤ ታንጀንቱን በ20 ታባዛለች፤ የዓይኗን ከፍታ 1.5 ሜትር ትጨምራለች። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ በሜዳ ላይም ይሠራል። ጣራ ገዳም ግን ሜዳ አይደለም። ቁመቱ በእርግጥ 15 ሜትር የሆነ አንድ ወይራ በዳገት ላይ ቆሟል እንበል። አንደኛው ቡድን ከዛፉ ሥር በ3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሁለተኛው ቡድን በ3 ሜትር ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ሁለቱም አግድም ርቀታቸው 20 ሜትር ነው። የላይኛው ቡድን ማዕዘኑን 28 ዲግሪ ገደማ ያገኛል፤ ሠርቶ 12 ሜትር ይላል። የታችኛው 39.5 ዲግሪ ያገኛል፤ 18 ሜትር ይላል። አንድ ዛፍ፣ ሁለት ቡድን፣ የስድስት ሜትር ልዩነት።

እዚህ ላይ የመምህሩ ባሕርይ ይፈተናል። ብዙዎቻችን የለመድነው «ትክክለኛው ይህ ነው» ብለን መገላገል ነው። እባካችሁ አትገላገሉ። ሁለቱን ቁጥሮች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፋችሁ ዝም በሉ። መጀመሪያ አንዱ ቡድን ሌላውን በግድየለሽነት ይከስሳል፤ እንደገና ይለካሉ፤ ያው ቁጥር ይመጣል። ከዚያ አንድ ተማሪ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አውጥቶ ሁለቱ ቡድኖች የቆሙበትን ቦታ ያሳያል። 1.5 ሜትር የጨመርነው እግራችንና የዛፉ ሥር በእኩል ከፍታ ላይ እንዳሉ አስበን መሆኑን አንዱ ይናገራል። መፍትሔውም ይከተላል፤ ወደ ጫፉ ብቻ ሳይሆን ወደ ሥሩም ማየት፣ ሁለት ማዕዘን መለካት ያስፈልጋል። ፎቶግራፉ እዚህ የሠራው ሥራ ለማስዋቢያ አይደለም፤ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ዲጂታል መሣሪያ ለፕሮጀክት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ በሜዳ ላይ የሆነው ነገር ክፍል ውስጥ እንደገና እንዲታይ፣ እንዲከራከሩበትም ያደርጋል።

መረጃው ወደ ኤክሴል ሲገባ ሌላ ትምህርት ይጀምራል፤ ይኸኛው ደግሞ የእኛው የራሳችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከተካተተበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአማርኛ መጻፍና ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። ነገር ግን አንዱ ተማሪ «ጥድ»፣ ሌላው «ጽድ»፣ ሦስተኛው «ፅድ» ብሎ ቢጽፍ ኤክሴል ሦስት ዝርያ አገኘሁ ይላል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ሦስት የተለያዩ ቃላት ተሰጥተውታል። በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠም እንደዚሁ ነው። ተማሪዎቹ ከመውጣታቸው በፊት የጋራ የስም ዝርዝር ተስማምተው ማጽደቅ፣ በቅጹም ላይ ከዝርዝሩ መምረጥ እንጂ መጻፍ እንዳይቻል ማድረግ አለባቸው። ስለ ሞክሼ ፊደሎቻችን የሚደረገውን የቆየ ክርክር ከዚህ በተሻለ ለተማሪ የሚያስረዳ አጋጣሚ የለም፤ የቋንቋ መምህራን ብትቀሙኝ ደስ ይለኛል።

ሰዓቱም እንደዚሁ። ስልኩ 9፡00 ሲል ተማሪው ሦስት ሰዓት ይላል። ከፊሉ ተማሪ ስልኩ ላይ ያየውን፣ ከፊሉ በልማዱ የሚያውቀውን ይጽፋል። በደኑ ውስጥና ከደኑ ውጭ ያለውን ሙቀት በየሰዓቱ የመዘገበ ክፍል ግራፉን ሲሠራ፣ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ የወጣች ይመስላል። በቀኑም ረገድ ስልኩ መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11፣ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ 12 ይለዋል። ይህን አስቀድሞ ነግሮ ስሕተቱን ማስቀረት ይቻላል። እኔ በመጀመሪያው ዙር እንዲፈጠር መተውን እመርጣለሁ፤ የመለኪያ ስምምነት ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ተማሪው አንድ ጊዜ ከራሱ ግራፍ ካየው አይረሳውም።

«ኢንተርኔት በሌለበት ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም የኖርንበት ነው። በዚያን ጊዜ «ዲጂታል ትምህርት» የሚለው ቃል ራሱ ቀልድ ይመስል ነበር። ሆኖም ከላይ ከዘረዘርኋቸው ሥራዎች ኢንተርኔት የሚፈልገው የትኛው ነው? የስልኩ ጂፒኤስ ከሳተላይት ምልክት ይቀበላል እንጂ ዳታ አይበላም፤ በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ስሕተቱ ስለሚጨምር ብቻ ጥንቃቄ ይሻል። ካሜራ፣ ድምፅ መቅጃና የማዕዘን መለኪያ ኢንተርኔት አያውቁም። ኮቦ የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሞላል። ጂኦጀብራና ኤክሴል በላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ኪዊክስ ዊኪፒዲያን፣ ኮሊብሪ ደግሞ የትምህርት ቪዲዮና ልምምዶችን ያለ ኢንተርኔት በአንድ ላፕቶፕ ላይ አኑረው ለክፍል ያካፍላሉ። በእርግጥ ኢንተርኔት የሚፈልገው የጎግል ኧርዝ ምስል ነው፤ እርሱንም መምህሩ ከተማ በወጣበት ቀን አስቀምጦ ሊያመጣው ይችላል። ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ ማሻገርን ደግሞ ተማሪዎቻችን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፤ ለፊልም የሚጠቀሙበትን ብሉቱዝና ዜንደር ለወይራ ቆጠራ ቢጠቀሙበት ምን ይከፋል?

የባሰው ችግር ሌላ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ምክንያትም አላቸው። ለአምስት ወይም ለስድስት ተማሪዎች አንድ ስልክ፣ እርሱም በመምህሩ ኃላፊነት፣ ይበቃል እላለሁ። አንድ መያዝ፣ አንድ ማንበብ፣ አንድ መጻፍ፣ አንድ ገመድ መሳብ ስላለበት ቡድኑ ሥራ አይፈታም። የስልኩ ባለቤት የሆነው ተማሪ ግን የቡድኑ አለቃ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። በተለይ ሴት ተማሪዎች ጸሐፊ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ ሥራውን በየመደቡ አዘዋውሩ። ወደ ገዳሙ ለመሄድ የአባቶችን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ፣ የት ድረስ መግባት እንደሚቻል፣ ለሴቶችም ለወንዶችም፣ ምን ፎቶ ማንሣት እንደማይገባ መረዳት የፕሮጀክቱ አካል ነው። የመንገዱ ሁኔታ ጉዞውን በማይፈቅድበት ጊዜ የትምህርት ቤቱ ግቢ ባሕር ዛፍ ወይም የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በቂ ነው። የዳገቱ ችግር በደቡብ ጎንደር በብዙ ቦታ አይጠፋም።

አሁን ሁላችሁም የምታስቡትን ልናገር። ፈተና አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወይራ ለመቁጠር ሁለት ሳምንት ማዋል ቅንጦት አይመስልምን? ይህን የሚለኝን መምህር አከብረዋለሁ፤ የሚናገረው ስለ ልጆች ዕጣ ነው። ፕሮጀክት የፈተና ውጤትን ከፍ ያደርጋል ብዬ ቃል አልገባለትም። የምለው ሌላ ነው፤ እነዚያ ቁጥሮች የመጡት ፕሮጀክት ከበዛባቸው ክፍሎች አይደለም። መምህሩ ጽፎ ተማሪው ከገለበጠባቸው ክፍሎች ነው። ስለዚህ «ለፈተናው ሲባል» የሚለው መከላከያ ያንን አሠራር ሊያድነው አይችልም። የተማሪው ጊዜ እንዳይባክን ደግሞ ፕሮጀክቱ በትምህርቱ ላይ ከሚጨመር ይልቅ በውስጡ ይግባ። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መግቢያ ትሪጎኖሜትሪና ስታቲስቲክስ አለው፤ የስታቲስቲክሱ ምዕራፍ መጽሐፉ በሰጠው የተፈጠረ ቁጥር ፈንታ ተማሪው ራሱ በቆጠረው ወይራ ቢሠራ አማካይና ሥርጭት ያው አማካይና ሥርጭት ናቸው። በወሰነ ትምህርት አንድ ፕሮጀክት፤ ከዚያ በላይ እኔም አልመክርም።

በምዘናው ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ካስገባ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ትንንሽ ፈተናዎችን መደርደር ሆኖ ቀርቷል። ፕሮጀክትን ስትመዝኑ የመጨረሻውን ቆንጆ ፖስተር ብቻ አትዩ። ከዚህ ከተማችን አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች መድፍ ያሠሩበት ሥፍራ ነው፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ከዚያ ወጥቶ በከባድ ድካም መቅደላ ደረሰ። እስከ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ማቅለጫው ግን የለም፤ ባለሙያዎቹ ከሄዱ በኋላ ሥራው አልቀጠለም። እኔ ጋፋትን ባለፍሁ ቁጥር የማስበው ይህን ነው፤ ዕቃው ተሠራ፤ ዕውቀቱ በማን እጅ ቀረ? በክፍላችንም አንድ ጎበዝ ልጅ ለቡድኑ ሁሉ የሠራው ፖስተር ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ልኬትና የታረመውን ሁለቱንም ጠይቁ። ተማሪዎች በፋይሉ ላይ ደርበው እንዳያስቀምጡ፣ በየጊዜው ቀን ጨምረው አዲስ ስም እንዲሰጡት አስተምሯቸው። 12 ሜትር የሚለው ፋይል፣ 15 ሜትር የሚለው ፋይል፣ በመካከላቸው ያለችው አንድ አንቀጽ ማብራሪያ። ነጥቡ የሚሰጠው ለዚያች አንቀጽ ነው፤ እርሷንም እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይጽፋታል።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድናገር በጽሑፍ የላካችሁልኝ ተማሪዎች ነበራችሁ፤ በአጭሩ እመልሳለሁ። እነዚህ መሣሪያዎች ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን ጥቅም ሁለት ገጽ በደቂቃ ይጽፋሉ። በጠርዙ በሦስተኛው መደብ ስንት የወይራ ችግኝ እንዳለ ግን አያውቁም፤ ሊያውቁ የሚችሉትም አንዳችሁ ሄዳችሁ ከቆጠራችሁና ከነገራችኋቸው ብቻ ነው። ተማሪው የፈጠራ ቁጥር ሊያስገባ አይችልም ወይ ብትሉኝ ይችላል። ለዚህ ነው ሁለት ቡድን አንድን መደብ ሳይነጋገሩ እንዲቆጥሩ የማደርገው፤ ፎቶግራፉም ከነቦታውና ከነሰዓቱ ከቁጥሩ ጋር እንዲያያዝ የምጠይቀው። ረቂቅን በመሣሪያ ማስተካከልን አልከለክልም፤ ያስተካከለውን ነገር በክፍሉ ፊት ቆሞ ማስረዳት ካልቻለ ግን ሥራው የእርሱ አይደለም።

ውጤቱ ለማን ይቅረብ የሚለውም ከመጀመሪያው መወሰን አለበት። ለመምህሩ ብቻ ከሆነ ተማሪው የሚጽፈው ለነጥብ ነው። ለገዳሙ አባቶችና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት እንደሚያነበው ካወቀ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ይፈትሻል። አባቶች ደኑን ከተማሪዎቹ ይልቅ ያውቁታል፤ «በዚያ በኩል ከብት ስለሚገባ ነው ችግኝ ያጣችሁት» ብለው በአንድ ቃል ሊያርሟቸው ይችላሉ። እንዲህ ያለው እርማት ከየትኛውም መተግበሪያ አይገኝም።

የመመዝገቢያ ቅጹን፣ የዛፍ ስሞችን ዝርዝርና የሁለቱን ማዕዘኖች ስሌት የያዘ የኤክሴል ፋይል አዘጋጅቼ በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ፤ በመውጫው በር አጠገብ ባለው ላፕቶፕ ላይ ተቀምጧል። በዝርዝሩ ላይ በየአካባቢያችሁ በሌላ ስም የሚጠራ ዛፍ ካገኛችሁ ከጎኑ ጻፉልኝ፤ የጋይንትና የፎገራ ስም እንደሚለያይ አውቃለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ እጃቸውን ካነሡት የአዲስ ዘመን መምህር እንጀምር።